የእትዬ ጥሩዬ ስም የሌለበት መጽሐፍ

እትዬ ጥሩዬ አረፉ አሉኝ። እኔ ግን እስካሁን አልገባኝም። ረቡዕ ዕለት በስልክ አውርተናል እኮ።

መልእክቱ ሲደርሰኝ ስድስት ኪሎ፣ የሒሳብ ጉባኤው አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። ከሻይ በኋላ ጥናት የማቀርበው እኔ ነኝ። የእህታቸው ልጅ ሰላም ናት የጻፈችልኝ። «አክስቴ ዛሬ ጠዋት አረፈች» ይላል። «የቷ አክስትሽ?» ብዬ መለስኩላት። ሌላ አክስት እንደሌላት እያወቅኩ።

ለማታውቋቸው፣ እትዬ ጥሩዬ ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ደረጃው ሥር የጽሕፈት ቤት ነበራቸው። ስንቱ የሒሳብ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ያስጻፈው እሳቸው ጋ ነው። በታይፕራይተሩ ዘመን፣ ማሽኑ ላይ ለሌለ ምልክት ቦታ ይተዉና በኋላ በብዕር ይሥሉት ነበር። ቅንፍ ከፍታ መዝጋት የረሳች ተማሪ ከመጣች «የከፈትሽውን ዝጊ» ይላሉ። ለቅንፍም፣ ለበርም፣ ለተጀመረ ወሬም ያው ነው።

የማስተርስ ጽሑፌን በእጄ ጽፌ የሄድኩ ጊዜ ገና ጥቂት ገጽ እንደጻፉ ቆሙ።

«ይቺ ኬ የምትባለዋ ፊደል ገጽ አራት ላይ ሌላ ሥራ ነበራት። እዚህ ደግሞ ሌላ ሰው ሆና መጣች።»

«እርስዎ ዝም ብለው ይጻፉት እትዬ፤ ሒሳብ ነው» አልኳቸው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሡ። «ሒሳብ አላውቅም። ግን እኛ ሰፈር ሁለት ከበደ አለ። ‹ከበደ ሞተ› ብትዪኝ የማን ቤት ሄጄ ላልቅስ?»

ወረቀቴን ሰብስቤ ተናድጄ ወጣሁ። እዚያው ፒያሳ አንድ ካፌ ገብቼ፣ ማኪያቶ አዝዤ፣ ልክ መሆኔን ላረጋግጥ ማንበብ ጀመርኩ። ማኪያቶው ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። እውነታቸውን ነበር። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ፊደል ጠርቼ፣ አንድ ናቸው ብዬ ማረጋገጫዬን ጨርሻለሁ። ምዕራፉ እንዳለ ተናደ። ክረምቱን ሙሉ ስጠግነው ከረምኩ። ኋላ መጽሐፍ የሆነውን ሐሳብ ያገኘሁትም እዚያ ጥገና ውስጥ ነው።

መስከረም ላይ ተመልሼ ስሄድ ቀና ብለው አዩኝና «ተለያዩ?» አሉኝ።

«ተለያዩ።»

«በይ ቁጭ በይ።»

የጽሕፈት ቤታቸው ሲፈርስ ኮምፒውተሩን እሪ በከንቱ ሰፈር፣ መኖሪያ ቤታቸው አስገቡት። መጽሐፌን እዚያ ነው ጽፈው የጨረሱልኝ። የመጨረሻውን እርማት በሁለት መነጽር አነበቡት፤ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው።

የምስጋናው ገጽ ላይ ስማቸውን ከሁሉም አስቀድሜ ጽፌ ነበር። ውጭ አገር ያለው አሳታሚ ምስጋናው በዛ፣ የሙያ ባልደረቦችሽ ስም ብቻ ይኑር፣ ሌላው ይውጣ አለኝ። «ይሁን» ብዬ መለስኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ለጉባኤው እንዲደርስልኝ ቸኩዬ ነበር።

መጽሐፉ ባለፈው ሳምንት ደረሰ። ረቡዕ እትዬ ደወሉ።

«መጽሐፉ መጣ?»

«ገና ነው እትዬ።»

«እሺ። ይምጣ ግድ የለም።»

ከጉባኤው በኋላ ይዤ ሄጄ ልነግራቸው ነበር። ምን ብዬ እንደምነግራቸው ግን አላውቅም።

ዛሬ ልውጣ ልቀመጥ እያልኩ ስሜ ተጠራ። መድረኩ ላይ ወጥቼ ስላይዱን ከፈትኩና ማንበብ አቃተኝ። «ይህ ሥራ የተጀመረው አንድ ሰው ስህተቴን ስላዩ ነው» አልኩ። «ወይዘሮ ጥሩነሽ ይባላሉ። ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። መጽሐፉ ላይ ስማቸው የለም፤ እንዲሰረዝ የተስማማሁት እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው ቀስ ብሎ «ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ናቸው?» አለኝ።

«ፒያሳ ጽሕፈት ቤት ነበራቸው።»

ከኋላ አንድ ሸምገል ያሉ መምህር «የእኔንም የጻፉት እሳቸው ናቸው» አሉ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳቀረብኩ አላስታውስም።

ታክሲ መጠበቅ አልቻልኩም፤ እስከ እሪ በከንቱ በእግሬ ወረድኩ። ድንኳኑ ገና እየተተከለ ነው። ሰላም እጄን ይዛ ወደ ጠረጴዛቸው ወሰደችኝ። መጽሐፌ እዚያ ተቀምጧል።

«ከየት አመጡት?»

«ሰኞ ዕለት አንድ መምህር ይዞላት መጣ። ያንቺ ስለሆነ ደስ ይበላት ብሎ።»

ሰኞ። እኔ ጋ የደወሉት ረቡዕ ነው።

መጽሐፉ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት አለ። ገጹ፣ መስመሩ፣ የታተመው፣ መሆን የነበረበት። ሦስት የኅትመት ስህተት አግኝተዋል። ከላይ «ለሁለተኛው እትም» ይላል። ስለ ምስጋናው ገጽ አንድም ቃል የለም።

«የመጀመሪያዎቹን ገጾች አይተዋቸዋል?» አልኳት ሰላምን።

«እሷ ገጽ ዘላ ታውቃለች እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልቻልኩም። ይህንንም የምጽፍላችሁ ከድንኳኑ ወጥቼ መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ነው። ቀብራቸው ነገ ስድስት ሰዓት፣ ጊዮርጊስ ነው። ጽሑፋችሁን ያስጻፋችሁ ሁሉ ኑ።

እትዬ ጥሩዬ፣ እውነቱን እንድናገር ዕድል ሰጥተውኝ ነበር፤ እኔ ዋሸሁዎ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እርስዎ ግን ቁጭ ብለው ስህተቴን አረሙልኝ። ስምዎን እንዲመልስ ለአሳታሚው ዛሬ ጽፌያለሁ፤ ምን እንደሚል አላውቅም። ነገ እመጣለሁ፤ ከሰው ሁሉ ኋላ ነው የምቆመው። ደህና ይሂዱ እትዬ። ያ ሁሉ ፊደል ያደከመው ዓይንዎ ይረፍ።