የየኔታ እንቅልፍ አበቅቴ

የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ የተማርሁ ሰው ነኝ። አፌን የፈታሁት በኽምጣንጋ ነው፤ አማርኛ ማንበብን በመሠረተ ትምህርት ለመድሁ፤ እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት ጋር ታግዬ ያዝሁት። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ደግሞስ ብመካ ምን አለበት? ሰቆጣ ገበያ ዳር፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ልብስ እየሰፋሁ፣ ሌላው ያላገኘውን አግኝቻለሁ።

ቤቴ ከአንድ የዜማ መምህር ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። የኔታ ሁለቱም ዓይኖቻቸው በዓይን ማዝ ጠፍተው፣ ሽቅብ ፀሐይን ቢያዩ እንኳ ብርሃኑን ከጨለማ አይለዩም። ድጓውን ግን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይዘውታል። ዘመኑ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ የደብሩ ሽማግሌዎች መጥተው፣ “ተማሪ እያዜመ መምህር ያንቀላፋል። በዚሁ ከቀጠለ ለፍልሰታ ሌላ መምህር እናመጣለን” አሏቸው። የኔታ ከሚያስተምሩበት ከዚያ የዜማ ጉባኤ ሌላ ቤተሰብም መተዳደሪያም የላቸውም።

ሰው ሁሉ መድኃኒት አዋቂ ሆነ። ዓይነ ጥላ ነው ተባለና ጠበል ተጠመቁ፤ ጥቂት ሰንብተው ባሰባቸው። እኔም መጀመሪያ፣ “ቡና ይቀንሱ፣ የኔታ” አልኋቸው።

“ከቡናው አንተን ብቀንስ ይሻለኛል!”

እኔ ግን መጽሐፍ ነበረኝ፤ ቤቴን ተከራይቶ የኖረ አስተማሪ ጥሎት የሄደው የባዮሎጂ መጽሐፍ። አንጎል እንደ መልእክተኛ የሚላላክባቸው ኬሚካሎች አሉት ይላል። ነቅተን በዋልን ቁጥር አዴኖሲን የሚባለው እየተጠራቀመ ዓይናችንን ያከብደዋል። ሲጨልም ደግሞ አንጎል ውስጥ ያለች አተር የምታክል ዕጢ ሜላቶኒን የሚባለውን ትልካለች፤ እርሱም “መሽቷል” እያለ ለመላው ሰውነት ያውጃል። ሲነጋ ብርሃን መጥቶ አዋጁን ይሽራል።

“በቃ፣ ነገሩ ብርሃን ነው!” ብዬ የኔታን በየማለዳው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኋቸው። በሁለት ሳምንት እንቅልፋቸው ተስተካከለ። ገበያውን ዞሬ አወራሁ። በወሩ መጨረሻ እዚያው ፀሐይ ላይ፣ በጠራራው፣ አንኮራፉ።

“አንተ የጨርቅ ሐኪም፣ የሰፋኸው ተተረተረ” አሉኝ ሲነቁ።

አፈርሁ፤ ግን አልተውሁም። የኔታ እንደነቁ ዳዊት ይደግማሉ፤ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። በሰማሁ ቁጥር ሰዓቴን አይቼ፣ ጨርቅ በማሰምርበት ጠመኔ ግድግዳው ላይ ጭረት አደረግሁ፤ በዘገዩ ልክ ጭረቷን ዝቅ እያደረግሁ። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ነገ አሥራ አንድ ተኩል፣ ከነገ ወዲያ አሥራ ሁለት። ጭረቶቹ እንደ ደረጃ ቁልቁል ወረዱ። እንቅልፋቸው አልተበላሸም፤ ይጓዛል እንጂ!

መጽሐፉን እንደገና ገለጥሁ። ብርሃን ወደ አንጎል የሚደርሰው በዓይን በኩል ብቻ ነው። የየኔታ የዓይን በር ደግሞ ተዘግቷል። ስለዚህ መልእክተኛው የሚወጣው በገዛ ሰዓቱ ነው፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲዘገይ የሚያርመው የለም። የጠበሉን ነገር አልናገርም፤ የእኔ ፀሐይ ግን ያዳነቻቸው መስሎኝ የነበረው እንቅልፋቸው ራሱ ዞሮ ከሌሊቱ ጋር ቢገጥም ነው።

ይህን ስነግራቸው የጣታቸውን አንጓ ቆጠሩ።

“በቀን ግማሽ ሰዓት? እንግዲያው በአርባ ስምንት ቀን ዞሮ ይገጥማል።”

“እንዴት በዚህ ፍጥነት አወቁት?”

“አንተ ደንቆሮ፣ ይህማ አበቅቴ ነው። ጨረቃ በየዓመቱ ከፀሐይ አሥራ አንድ ቀን ትጎድላለች። ትራፊዋን ቆጥረን ጾም እናወጣባታለን እንጂ ‘ሰነፍ ነሽ’ ብሎ የከሰሳት አለ?”

ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረብን። እኔ ስለ መልእክተኛው ባስረዳ ተያዩ። የኔታ በአበቅቴ ሲያስረዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሽማግሌዎቹ ሊቀመንበር ግን አላመነም፤ “እስኪ ይንገሩን፣ ቀን የሚተኙት መቼ ነው?” አለ።

“ከሐምሌ አቦ በኋላ ይገለበጣል። እስከ ወሩ አጋማሽ ቀን እተኛለሁ፤ በቃል የሚጠናውን ትምህርት ሌሊት አስተምራለሁ። ለዚያ መብራት አያስፈልግም። ፍልሰታ ሲገባ ከሰው ጋር እነቃለሁ።”

ሊቀመንበሩ ከሐምሌ አቦ በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ መጣ፤ የኔታ ተኝተዋል። ማታ ተመልሶ ሲያዳምጥ ተማሪው ሁሉ በጨለማ ያዜማል፤ የኔታም አንዲት ስሕተት ሳያሳልፉ ያርማሉ። ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በምሽት መጥቶ ገና ተኝተው፣ በሦስተኛው ቀን ምሽት ግን ነቅተው አገኛቸው።

“ሁለት ቀን ስተዋል፣ የኔታ።”

“ሁለቱን የበላው የልብስ ሰፊው ጠመኔ ነው!”

ሌላ መምህር አልመጣም።

በዕንቁጣጣሽ ዘመኑ ታወጀ። ወንጌላዊው ተነገረ፤ ነነዌ በዚህ ቀን፣ ዐቢይ ጾም በዚህ ቀን ይገባል ተባለ። ይኼኔ ያ ሊቀመንበር ጉሮሮውን ጠረገና፣ “የየኔታ የቀን እንቅልፍስ መቼ ይገባል?” አለ። ሕዝቡ ሳቀ። የኔታ ግን ሳይስቁ በጣታቸው ቆጥረው እስከ ጥምቀት ያለውን አወጡለት፤ የደብሩ ጸሐፊም መዘገበ።

አጠገቤ የቆመው ሰው ከፃግብጂ የመጣ እንግዳ ነበር። ግማሽ ሰዓቷን ማን እንዳገኛት አያውቅምና ነገርሁት፤ በስተኋላ የቆሙትም እንዲሰሙ ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌ።