መርዶ በማይክሮፎን

የኮሪያው ፊልም ትልቁን የፈረንጅ ሽልማት የወሰደ ሰሞን እኔ ተናድጄ ነው የከረምኩት። ኮሪያኖቹ ምን አደረጉኝ? ምንም! እሰየው፣ ይገባቸዋል። ያናደደኝ የእኛ ሰው ነው።

መጀመሪያ ግን የቢሮዬን ልናገር። አዲሰን የሚባል ከተማ ውስጥ አንድ የጥርስ ኢንሹራንስ ቢሮ ስልክ እመልሳለሁ። ሰኞ ጠዋት ስገባ ወሬው ሁሉ እሱ ነው። ሱፐርቫይዘሬ፣ «ሁለት ሰዓት ሙሉ ከስር ጽሑፍ እያነበብኩ ፊልም አየሁ፣ ታምኛለሽ?» አለችኝ፣ ተራራ የወጣች ይመስል። ጎበዝ፣ አልኳት በሆዴ። እኔ እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ በሰው ቋንቋ ስለፈልፍ ውዬ ነው የምገባው፤ አንድም ቀን ያጨበጨበልኝ የለም።

ከሥራ ስወጣ ልጄ ኮል አደረገች። ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ፊልም ነው የምትማረው። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መናገር ግን ሞቷ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በልመናም በቁጣም ሞክሬያለሁ፤ «ኦኬ፣ ማም» ብላ በእንግሊዝኛዋ ትቀጥላለች። ያን ቀን ግን ስልኩን ገና ከማንሳቴ፣ «እማዬ፣ በራሳቸው ቋንቋ እኮ ነው ያሸነፉት! ኮሪያኖቹ!» አለችኝ። በአማርኛ። እናቷ ዕድሜ ልኳን ያልቻለችውን ኮሪያኖች በአንድ ሽልማት ቻሉት። ልደሰት ልናደድ ግራ ገባኝና ሁለቱንም አደረግኩ።

ሶ፣ ለመመረቂያዋ የጻፈችውን አጭር ፊልም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ልታዞረው ወሰነች። ታሪኩ የመርዶ ነው። አንዲት ሴት አገር ቤት ወንድሟ ሞቶባታል፣ እሷ ግን አልሰማችም። ሦስት ዘመዶቿ በማለዳ አፓርታማዋ ፊት ለፊት መኪና ፓርክ አድርገው፣ ማን ያንኳኳ፣ ማን አፉን ይክፈት እያሉ ይጨቃጨቃሉ። መቼም መርዶ በስልክ አይነገርም። ሴትዮዋ ከሥራ የምታርፍበት ቀን ተጠብቆ፣ ሰው ከያለበት ተጠራርቶ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚኬደው። ልጄ ደግሞ «ሞተ» የሚለውን ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አላስገባችውም። ተመልካቹ ሰዎቹ ለምን እንደመጡ ቀስ በቀስ ነው የሚገባው። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ቆሻሻ ልትጥል በሯን ትከፍታለች፤ ሦስቱን በዚያ ሰዓት አንድ ላይ ቆመው ታያቸዋለች፤ ማንም ምንም ሳይላት ይገባታል። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል።

ከመኪናው ውስጥ ሰዎች ታላቂቱን የምጫወተው እኔ ነኝ። «እማዬ፣ መናደድ ላንቺ አክቲንግ አይደለም» ብላ ነው የመረጠችኝ። ያን ሰሞን በየቀኑ ትደውላለች። «እማዬ፣ ይሄን ትልቅ ሰው እንዴት ነው የሚለው?» «እዚህ ጋ ዝም ትላለች ወይስ ትሳደባለች?» ትሳደባለች፣ እላታለሁ። ትስቃለች። ማለቴ፣ ልጄን ያወቅኳት ያኔ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም። ቀልደኛ መሆኗን በእንግሊዝኛዋ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ስትቆጣ ደግሞ ቁርጥ እኔን! ያ ፊልም እንዲሳካ የጓጓሁት ለሽልማት ብዬ አይደለም። ከተሳካላት ሌላ ትሠራለች፤ ሌላ ከሠራች ደግሞ በአማርኛ ትደውልልኛለች። ስስቴ ይኸው ነበር፣ ሌላ የለኝም።

ለትምህርት ቤቱ ከማቅረቧ በፊት «ለእኛ ሰዎች ላሳይ» አለች። ደስ ብሎኝ ቸርች ሄድኩና የፕሮግራም ኮሚቴውን ሰብሳቢ አነጋገርኳቸው። የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የኮሪያውን ፊልም ከልጆቻቸው ጋር አይተው፣ «ሕዝብ በቋንቋው ሲኮራ እንዲህ ነው!» እያሉ ለሁሉም ሲያወሩ የሰነበቱ። የልጄን ስነግራቸው ግን ፊታቸው ቀዝቀዝ አለ።

«አማርኛ ከሆነ ወጣቶቹ ይቸገራሉ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ከስሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው እኮ። የኮሪያውን እያነበቡ እንዳዩት ያዩታል።»

«የስክሪኑን ታችኛውን ክፍል መድረኩ ላይ ያለው አበባ ይጋርደዋል።»

«አበባውን እናንሳዋ!»

«አይዞሽ የእኔ እህት፣ አታስቢ፣ ተርጓሚ እንመድባለን።»

ለሚፈልጉት ልጆች ጥግ ላይ ሆኖ በሹክሹክታ የሚነግር ሰው መሰለኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

የእኛን ቸርች የማያውቅ ሰው ይሄን ይስማ። ሰባኪው አንድ ዓረፍተ ነገር ይልና ይቆማል። ተርጓሚው ከጎኑ ያንኑ በእንግሊዝኛ ይልና ይቆማል። እንዲህ እየተቀባበሉ ስብከቱ እጥፍ ይሆናል፤ ለምደነዋል፣ ለስብከት ይሁን። ፊልም ላይ ይሄን የሚያደርግ ፍጡር ግን ከእኛ በቀር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ልጄ ላፕቶፗ አጠገብ፣ እኔ ፊት ወንበር ላይ። መብራቱ ጠፋ። መኪናው መጣ፤ እኔ መጣሁ፤ ከኋላ አንዷ «ውይ፣ እሷ ናት!» ብላ ሳቀች። ስክሪኑ ላይ ያለሁት እኔ፣ «እዚህ ተጎልታችሁ ልትውሉ ነው?» አልኩ።

«ስቶፕ አድርጊው!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ዞር ስል ተርጓሚው ነው። ፍሪስኮ ከተማ የኮምፒውተር ሥራ የሚሠራ ጎልማሳ፣ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ ማይክሮፎኑን ይዞ ስክሪኑ ጎን ቆሟል። ልጄ ግራ ተጋብታ አቆመችው። ተረጎመና «ኦኬ፣ ቀጥዪ» አላት። አንድ ዓረፍተ ነገር አለፈ። «ስቶፕ!» ተረጎመ። «ቀጥዪ!» ፊልሙ ቤንዚን እንዳለቀበት መኪና እየተንተፋተፈ ሄደ። ልጄ ሽማግሌውን አየቻቸው፤ እሳቸው በርቺ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁላት። እኔን አየችኝ። እኔ ወንበሩን ጨምድጄ ይዣለሁ።

ልታገስ ሞክሬያለሁ፣ እውነቴን ነው። ነገር ግን ሰውየው መተርጎሙ አልበቃው አለና ማብራራት ጀመረ። ለኮሚቴው የተላከውን ፊልም ቀድሞ አይቶ፣ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ገና ምኑም ሳይያዝ ወደ ወጣቶቹ ዞሮ በእንግሊዝኛ፣ «የዚህች ሴትዮ ወንድም ሞቷል፤ እነዚህ ሰዎች የመጡት ሊነግሯት ነው» አላቸው።

አረዳቸው! ልጄ ስንት ወር የደከመችበትን፣ ከአንድም ሰው አፍ እንዳይወጣ ተጨንቃ ተጠብባ የደበቀችውን ነገር፣ እሱ በማይክሮፎን! መርዶ ነጋሪ እኮ ተመርጦ ነው የሚላከው፤ አፉን የሚያውቅ፣ ጊዜ የሚያውቅ ሰው። እንዲህ ያለውን ወሽካታ እኛ ቤት መርዶ ሊያስነግሩት ቀርቶ ከመኪናው አያስወርዱትም!

ተነሳሁ። ያልኩትን ሁሉ አላስታውሰውም። «አንተ ሰው፣ እግዜር ይይልህ!» ማለቴን ግን ሰሚዎች እስከ ዛሬ ይነግሩኛል። ሽማግሌው ብድግ ብለው፣ «እህታችን፣ የጌታ ቤት ነው፣ ቁጣ አይገባም» አሉ።

«ጋሼ፣ የኮሪያኖቹንም በየመሐሉ እያስቆሙ ነው ያዩት?» አልኳቸው።

«እሱማ የተሸለመ ነው» አሉኝ።

የተሸለመ ነው! ይኸውላችሁ የእኛ ነገር። ለመሆኑ ያንን የኮሪያ ፊልም መጀመሪያ ማን አየው? የራሳቸው ሰው አይደለም ወይ? የራሳቸው ሰው ቲኬት ቆርጦ፣ ተሰልፎ፣ አልቅሶና ስቆ አይቶላቸው እኮ ነው ሌላው ዓለም ዞር ብሎ ያየው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እኛ መዳብም አላልነው። እስቲ መጀመሪያ ፈረንጅ ይሸልመውና እናየዋለን ነው ነገሩ።

ልጄ ላፕቶፗን ዘጋች። መብራቱ ሲበራ ሰው እየመጣ ያቅፋታል። «ጎበዝ! በርቺ! ቀጣዩን በእንግሊዝኛ አድርጊውና ትሸለሚያለሽ!» እሷም ሁሉንም «አመሰግናለሁ» ትላለች፣ እንዳሳደግኳት። በእኔ መኪና ተመለስን። ቤት ልንደርስ ስንል በእንግሊዝኛ፣ «ማም፣ በእንግሊዝኛ ደግሜ እሠራዋለሁ» አለችኝ። እማዬ ቀረች፣ ማም ተመለሰች። ለምን ስላት «ይቀላል» አለች። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ተርጓሚውን ረገምኩ። መስኮቱን ነው የምታየው።

ደግማም ሠራችው። በእኔ ቦታ ሌላ ሴት ገባች፤ የእኔ እንግሊዝኛ ለኢንሹራንስ እንጂ ለፊልም አይበቃም መሰለኝ፣ እሷም አላስረዳችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። ስልኩ ቀረ። ቴክስት ብቻ፣ በእንግሊዝኛ፣ ያውም ቁንጽል። እኔ በአማርኛ እጽፍላታለሁ፤ የአውራ ጣት ሥዕል ትልክልኛለች። ምን ማለት ነው አውራ ጣት? እናት በአውራ ጣት ይመለስላታል?

ፊልሙ በትምህርት ቤቷ የታየ ቀን ሄድኩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አላስቆመው፤ ከዳር እስከ ዳር ታየ። ያቺ ሴትዮ የእኔን ንግግር በእንግሊዝኛ ስትለው ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ፤ ጥሩ ተጫውታለች፣ እሱም አናደደኝ። ሲያልቅ ተጨበጨበ። ልጄ መድረክ ላይ ወጥታ ጥያቄ መቀበል ጀመረች። አንድ ሽበታም ፈረንጅ ተነሣ። በትሕትና ነው የጠየቃት።

«ታሪኩ ልቤን ነክቶታል» አለ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ኮሪያኖቹ በቋንቋቸው ሠርተው ይኸው ዓለም ተነሥቶ አጨበጨበላቸው። እነዚህ ሰዎች መኪና ውስጥ ለብቻቸው ሆነው ለምንድን ነው እንግሊዝኛ የሚያወሩት?»

ደሜ ፈላ። በሰውየው አይደለም፣ እሱ ምን አጠፋ? ባዳ የገባው ነገር ለእኛ ሰው አለመግባቱ ነው ያንገበገበኝ። ልጄ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች፣ «በቋንቋችን ሠርቼው ነበር» አለች። «የሚያየው ሰው አልነበረም።»

ብድግ አልኩ። በአማርኛ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ፣ «እኔስ? እኔ ሰው አይደለሁም?» አልኩ።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያ ሁሉ ሰው ምን እንዳልኩ አልገባውም፣ ከአንዷ በቀር። እሷ ፊቷ ቲማቲም መሰለ፤ ማይክሮፎኑን ከአፏ ማራቅም ረሳችው።

«እማዬ» አለችኝ፣ «እባክሽ ቁጭ በይ፣ ሰው ያይሻል።»

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ከአፏ የሰማሁት አማርኛ ይህ ብቻ ነው። አልተቀመጥኩም።