ያኮረፈው ሦስተኛ ማርሽ

ወንድም ጋሼ ያረፈ ዕለት ሰው ሁሉ ስለ ደግነቱ አወራ። እኔ የማስታውሰው ግን ስለ መኪና «ተበላሸች» ብሎ እንደማያውቅ ነው። «አኩርፋለች» ነበር የሚለው።

በፈረንጅ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ኩዌት ነበርን። ወንድሜ አሕመዲ ከተማ ውስጥ ሾፌር ሆኖ የሚሠራላቸው ሽማግሌ በወጣትነታቸው የገዟት መኪና ነበረቻቸው። ሦስተኛ ማርሽ አልገባ ሲላት ልጆቻቸው «እስከ ዓርብ ካልተሠራች ተጎትታ ትጣል» አሉ። የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ።

ወንድሜ ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ አውርዶ ግቢው ውስጥ ፈታታው። እኔ አግዘው ነበር። ገጥመን ስንጨርስ አንዲት የነሐስ ቀለበት ተርፋ መሬት ላይ አገኘናት።

«ትቅር በቃ ጋሼ፣ ማን ያውቃል?» አልኩት።

«መኪናዋ ታውቃለች» አለና ከመጀመሪያው ፈታው።

ሁለተኛ ተገጥሞም ማርሹ እምቢ አለ። በዚያ ሙቀት ትዕግሥቴ አልቆ መፍቻውን ወረወርኩና «ሽማግሌ እንላክባት እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

ሳቀብኝ። «አንተን ግን አንልክም፣ ታባብሳለህ!»

ሐሙስ ለሦስተኛ ጊዜ ሲፈታው ቀለበቷ ተገልብጣ ገብታ አገኛት። አቃንቶ መለሳት። ማርሹ ያለ ድምፅ ገባ።

በማግሥቱ ሽማግሌውን ጋቢና አስቀምጦ በሳልሚያ ባሕር ዳር ሲነዳ እኔ ከኋላ ነበርኩ። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው «ምን ነበር እንዲህ ያስቸገረህ?» ብለው ጠየቁት።

«ቀለበቷን ገልብጬ ከትቻት ነው» አላቸው።

ገልብጬ የከተትኳት እኔ ነበርኩ። ያውቃል። አንድም ቀን አላነሳብኝም። ከእሱ ወዲህ ጥፋቴን እንዲህ የሚሸከምልኝ ሰው አላገኘሁም።