ልጄን ከቁልፎቿ ላስፈታ መቀሌ ሄድኩ

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ልጄ ሰዓዳ ከመቀሌ እያወራችኝ፣ "እማ፣ አንዴ ቆይኝ፣ ዱቄት ላውጣላቸው" አለችና የቁልፎቿ ዘለላ ሲንሿሿ ሰማሁ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ሁልጊዜ ከድምፅዋ ጋር አብሮ ነው የሚመጣልኝ። ወዲያው አንድ ከባድ ነገር ዱብ አለ። ቁልፎቹም አብረው ወለሉ ላይ ተበተኑ። ከዚያ የሴቶች ጩኸት፣ እኔ የማልሰማው ትግርኛ፣ የሩጫ ኮቴ። እኔ እዚህ መርሳ ከተማ፣ ደጄ ላይ ቆሜ "ሰዓዳ! ሰዓዳ!" እላለሁ። ሞተች ብዬ ነው ያሰብኩት፤ ምን እዋሻለሁ።

ቆይቶ አንዲት ሴት ስልኩን አነሳች።

"ኣደይ፣ እናቴ፣ ኣጆኺ፣ አይዞሽ። ለተይ ነኝ፣ ዳቦ ቤት አብሬያት የምሠራው። ራሷን ስታ ነበር፣ አሁን ነቅታለች። ድካም ነው እንጂ ሌላ የለም።"

"ድካም እንዲህ ሰው ይጥላል?"

"የእሷ ድካም ይጥላል። ሁሉንም የምትይዘው እኮ እሷ ናት።"

ይቺን ቃል ይዤ ነው የተነሳሁት። ልጄን ወደ ቤቷ ላመጣት።

ሰዓዳ መቀሌ የሄደችው ለትምህርት ነው። ዓዲ ሓቂ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብታ ማኔጅመንት ተማረች፤ እኔ ያኔ ቃሉን መጥራት አቅቶኝ "የማስተዳደር ትምህርት" እል ነበር። መንገዱ ሲዘጋ እዚያው ቀረች። ሲከፈት ደግሞ ከሓድነት ሰፈር ሴቶች ጋር በማኅበር ዳቦ ቤት ከፍታ ሥራው ያዛት። ዛሬ ነገ ስትለኝ ዓመታት አለፉ። ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ብዙ መጻፍ አይሆንልኝም። ግን በእኛ ሰፈር መቀሌ ልጅ ያለው ብዙ ነው፤ "መንገዱ እንዴት ነበር?" እያለ ሁሉም ይጠይቀኛልና እንደሆነው አስቀምጠዋለሁ።

ከመርሳ እስከ አላማጣ

በጠዋት ወጣሁ። ሰዓዳ በልጅነቷ የምትወደውን ፓፓያ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በሶና ቆሎ ጨምሬ ያዝኩ። እስከ ወልድያ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወደ መቀሌ በሚሄድ አውቶቡስ። አጠገቤ የተቀመጠው የሐይቅ ሰው ነው፤ መቀሌ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል።

"መንገዱ ሰላም ነው ወንድሜ?" አልኩት።

"መንገዱማ ደህና ነው እናቴ። የሚያስፈራው ወሬው ነው" አለኝ። "በየሳምንቱ ሊዘጋ ነው ይላሉ፤ በየሳምንቱ እመላለሳለሁ።"

እሱ ሳቀ። እኔ ግን ወሬው ሆዴ ገባ። ኬላ በደረስን ቁጥር መታወቂያዬን ቀድሜ አወጣለሁ፤ ወታደሩ ሳይጠይቀኝ "ልጄ ጋ ነው የምሄደው" እላለሁ። አንዱ "እማማ፣ ልጅዎን ሰላም ይበሉልኝ" ብሎ መለሰልኝ። እሱም የሰው ልጅ ነው፤ እናቱ የት እንዳለች እንጃ።

ግራካሱና ሐሸንጌ

ከአላማጣ በኋላ መኪናው የግራካሱን ዳገት መውጣት ጀመረ። መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ራያ ሜዳ ከታች እያነሰ፣ ማሽላው አረንጓዴ ምንጣፍ እየመሰለ ሄደ። ሐይቄው "ተመልከቺ እንጂ፣ እንዲህ ያለ አገር ዓይን ጨፍኖ ይታለፋል?" አለኝ። "አንተ እይልኝና ትነግረኛለህ" አልኩት። ኮረም ስንደርስ ብርድ ሆነ። ሐሸንጌ ሐይቅ ጋ ግን ዓይኔን ገለጥኩ። ውኃው በተራሮቹ ታቅፎ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ልጄስ መቼ ነው እንዲህ የምትተኛው አልኩ በሆዴ።

ማይጨው ለምሳ ቆምን። የሥጋው ነገር ለእኔ ለሙስሊሟ ስለማይሆን ሽሮ በላሁ፤ ዋጋው ከመርሳ እጥፍ ነው፣ ጣዕሙ ግን አይታማም። ዓዲ ጉደም ላይ ሴቶች በለስ እየላጡ ይሸጣሉ። አንዷ እሾኩ እንዳይወጋኝ በቢላዋ ጫፍ አቀበለችኝና "ብልዒ ኣደይ" አለችኝ። መብላቱ ገባኝ። መክፈሌን ሳልጨርስ ሁለተኛ ደገመችልኝ።

ቁሓ ላይ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ጎንበስ አልኩ። ሐይቄው አልሳቀብኝም። "መንገደኛ የጫነ ነው" አለኝ ቀስ ብሎ።

ሓድነት

ባጃጁ ዳቦ ቤቱ በር ላይ አወረደኝ። ሰዓዳ እየሮጠች ወጣች። ስታቅፈኝ ወገቧ ላይ በገመድ ያሰረቻቸው ቁልፎች ሆዴን ወጉኝ። ፊቷ ጠቁሯል፣ አንገቷ ቀጥኗል። ወድቃ በተነሳች ማግስት ሥራ ገብታለች።

"እኔ ልወስድሽ ነው የመጣሁ" አልኳት፤ ሰላምታ እንኳ አላስጨረስኳትም።

"እማ፣ እኔ ከሄድኩ ይሄ ቤት ይዘጋል።"

እውነቷን ነው። በማግስቱ አጠገቧ ተቀምጬ ዋልኩና አየሁት። ዱቄት ሲያስፈልግ "ሰዓዳ!"፤ ናፍጣ ሲያልቅ "ሰዓዳ!"፤ ሱቆች ዳቦ ሊወስዱ ሲመጡ "ሰዓዳ!"። መጋዘኑን የምትከፍት እሷ፣ ገንዘብ የምትቀበል እሷ፣ ሊጥ ማቡኪያውን ማሽን የምታስነሳ እሷ። ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ ቁልፍ የላቸውም።

ምድጃው ላይ የምትሠራውን አብረኸትን ጠየቅኳት። "ስለምን ሁሉን በእሷ ላይ ጫናችሁት?"

አብረኸት ላቧን እየጠረገች "ዘመድ ስለሌላት ነዋ" አለችኝ። "የእኔ ወንድም አለ፣ የለተይ አክስቶች አሉ። ቁልፍ እኛ ጋ ከሆነ 'አንድ ጆንያ ዱቄት፣ አሥር ዳቦ' እያሉ ይመጣሉ፤ እምቢ ካልን ጥል ነው፣ እሺ ካልን ማኅበሩ ያልቃል። ሰዓዳ ግን ከተማው ውስጥ ማንም የላት። ለማን ታዳላለች? ስለዚህ በአንድ ድምፅ መረጥናት።"

ሌላ ነገር ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄን ለሹመት ያበቃት ብቸኝነቷ ነው። እኔ መርሳ ሆኜ በናፍቆት ስቃጠል፣ እዚህ ዘመድ የለሽነቷ ተቆጥሮላት ቁልፍ ተሰጣት።

ቀይ ክር ያለው ቁልፍ

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ለመንኳት። "እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ተኚ። ቁልፉን ስጪኝ፣ ለሚጠይቀኝ እከፍታለሁ።" ሰዓዳ ለማንም ሰጥታው አታውቅም። ሳመችኝና ከወገቧ ፈትታ ሰጠችኝ። መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ባዶ ጆንያ አንጥፋ ወዲያው እንቅልፍ ጣላት። ዘለላውን እቅፌ ላይ አድርጌ ፊቷን አይቼ አልጠገብኩም።

አብረኸት ከምድጃው በኩል "ምድጃው ግሏል፣ ሊጡ የታለ?" ብላ ጮኸች። ልጄ እንዳትነቃብኝ ብዬ ተነሳሁ። የማሽኑ ማብሪያ ያለው ከግድግዳው በዚህ በኩል፣ በትንሽ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። ጠዋት ሰዓዳ ቀይ ክር ባለው ቁልፍ ስትከፍተው አይቻለሁ። ከፈትኩት። ተጫንኩት።

ከግድግዳው ማዶ የለተይን ጩኸት ሰማሁ።

ለካ ለተይ የደረቀ ሊጥ ልትፍቅ እስከ ብብቷ ማሽኑ ውስጥ ገብታ ነበር። ሲጸዳ ሳጥኑ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ደግሞ ከሰዓዳ ወገብ አይወርድም፤ ስለዚህ ለተይ ሳትፈራ ትገባለች። እኔ ይሄን የት አውቄ! ሰዓዳ ከእንቅልፏ ዘላ ማብሪያውን መትታ አጠፋችው። ሮጠን ስንሄድ ለተይ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እጇን በእጇ ይዛለች። ማሽኑ የያዘችውን ጨርቅ ነጥቆ ጠምዝዞታል። እጇ ግን ደህና ነው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰስኳቸው፤ ደህና ናቸው።

እያለቀስኩ እግሯ ላይ ወደቅሁ። እሷ "ኣደይ፣ ተነሺ በጃኺ፣ እባክሽ" አለችኝ። "ዳቦው ሥጋ ይግባበት ብለሽ ነው? የጾም ሰዎች አሉ እኮ፣ አይገዙንም!" አብረኸት ሳቀች፣ ከዚያ እሷም አለቀሰች።

ሰዓዳ አልተቆጣችኝም። ቢላዋ አምጥታ የዘለላውን ቀለበት ፈለቀቀችና ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው።

"ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ባይሆን ቀዩ ቁልፍ እማ እጅ አይገባም ነበር" አለች። "ኃላፊ ሥራ ያካፍላል እንጂ አይሸከምም ብለው አስተምረውኛል። ለፈተና ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ከፈተናው በኋላ ረሳሁት።"

ቀይ ክር ያለውን ለለተይ አንገቷ ላይ አሰረችላት። "ማሽኑ ውስጥ እጁን የሚያስገባ ቁልፉን ይይዛል። እኔ እንኳ ብጠይቅሽ እንዳትሰጪኝ።" የመጋዘኑን ለአብረኸት ስትሰጣት አብረኸት እጇን ሰበሰበች።

"ተዪኝ ሓፍተይ፣ እህቴ፤ ወንድሜን አታውቂውም።"

"በሩ ሁለት ቁልፍ ይደረግለታል። አንዱ ካንቺ፣ አንዱ ከለተይ። ሁለታችሁ ካልቆማችሁ አይከፈትም። ወንድምሽ ሲመጣ 'ለተይን ጠይቃት' በይው።"

"ለተይን ይፈራታል" አለች አብረኸት፤ አሁን ተቀበለች። የገንዘቡ ደግሞ ቆጥራ ለምታስረክብ ለሌላ አባል ሆነ፤ ሰዓዳ ሒሳቡን በሳምንት አንዴ ልታይ። ያን ማታ ከአባላቱ ጋር ተነጋገሩና ሁሉም ተስማሙ።

በማግስቱ ሰዓዳ ዓዲ ሓቂ በተከራየችው ክፍል ከእኔ ጋር ዋለች። ስልኳን ሃያ ጊዜ አነሳችና ሃያ ጊዜ አስቀመጠችው። ፓፓያውን ቆርጬ አቀረብኩላት፤ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። አመሻሽ ላይ ለተይ ትኩስ ዳቦ ይዛ መጣች። ቅርፊቱ ትንሽ አርሯል። ሰዓዳ አገላብጣ አየችውና ልትናገር አፏን ከፈተች። ጉልበቷን ያዝኩ። "ጥሩ ነው" አለች።

መመለሻ

"ሄደሽ እረፊ፣ ግን ተመለሺ" ብለው ሸኙን። አብረኸት ለእኔ አንድ ዳቦ ጨመረችልኝ። "አሁን ዘመድ አለሽ፣ ማዳላት ተጀመረ!" አለቻት። መናኸሪያው ውስጥ መንገዱ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ እንደገና ነበር። የሰዓዳን እጅ ይዤ አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ፤ እስከ ዓዲ ጉደም አለቀቅኳትም።

አምባላጌን አልፈን ማይጨው ጋ ስልኳ ጠራ። አበቃ፣ አሁን ከዚህ ትመለሳለች አልኩ።

"ምን ጎደለ?" አለች ሰዓዳ።

"ምንም" አለች ለተይ፤ ድምጿ እስከ እኔ ይሰማል። "ሰዓዳ ብለን ስንጣራ የሚመልስ ስለጠፋ ነው። ናፈቅሽን።"

ሰዓዳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሐሸንጌን ስናልፍ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር። ግራካሱን ስንወርድ ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ እሷን እጠብቅ ስለነበር።

ለአሥር ቀን ብቻ ነው የመጣችው፤ ይመልሳታል ሥራዋ። ናፍቆቴ አላበቃም፣ እንደሚያበቃም አላስብም። ግን ድሮ የምፈራው አንድ ቀን ብትወድቅ ማን ያነሳታል ብዬ ነበር። አሁን ሴቶቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁልፍ እንደያዙ አውቃለሁ። ልጄ ለመምጣትም ለመሄድም እጇ ባዶ ሆኗል።

ዛሬ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ከጓዳ ወደ ደጅ ስትመላለስ ሰማኋት። ስትራመድ ምንም አይንሿሿም። እንዴት ነው መንገዱ ለምትሉኝ፣ መንገዱ ደህና ነው። ሰዓዳም እኔም መርሳ ቤታችን ደህና ገብተናል።