የወይኑ ጢም

ጓሮው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ አንድ ብቻ ነበር። በዚያ ግድግዳ ላይ ሁለት ሐረጎች ለዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ኖረዋል። የግራው የባልየው ወይን ነው፤ የቀኙ የሚስትየዋ ጃስሚን። ወይኑ ይበላል ተብሎ ተተክሎ እስካሁን አንድም ሰው አልበላውም። ጃስሚኑን ደግሞ ይበላል ያለ ሰው ስለሌለ ማንንም አሳፍሮ አያውቅም።

ባልየው ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ሰፈሩ “መቀሱ” ይለዋል። ወገቡ መቆም እንቢ ብሎት ሱቁን ከዘጋ ሰባት ዓመት አልፎታል፤ እጁ ግን ጡረታ መውጣቱን አልሰማም። ሚስትየዋ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ስለነበረች እሱም እንደ ሰፈሩ ሰው “ሲስተር” ነው የሚላት። ድሮ ሌላ ስም ያወጣላት ይመስላታል፤ መቼ እንደተወው ግን ሁለቱም አያስታውሱም።

ጃስሚኑን የተከለችው ጡረታ በወጣችበት ሳምንት ነው። ያን ሁሉ ዓመት የበረኪናና የአልኮል ሽታ ልብሷ ውስጥ ገብቶ አብሯት ቤት ሲመጣ ኖሯል። ከእንግዲህ የማሸተውን እኔው ራሴ እመርጣለሁ አለች፤ መረጠችም። ሐረጉ አድጎ የመኝታ ቤቱን መስኮት ሲደርስ፣ ጠዋት ዓይኗን ሳትገልጥ ሥራ መሄድ እንደሌለባት በአፍንጫዋ ታውቅ ጀመር።

ወይኑ የመጣው ከመቀሱ አባት ቤት ነው። አባትየው ሲሞቱ ቤቱ ተሸጠ፤ ገዢው በሳምንቱ አፈረሰው። ወንድሞቹ አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑንና ሬዲዮኑን ተከፋፈሉ። መቀሱ ከጓሮው ወይን ክንድ የማታህል ደረቅ እንጨት ቆርጦ፣ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ መጣ። አባትየው በሕይወት ሳሉ ሙያውን ወደውለት አያውቁም። “የአንተ እጅ መቁረጥ እንጂ ማብቀል አያውቅም” ይሉት ነበር። ይህን ለሚስቱ የነገራት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እንደ ቀልድ። እሷም እንደ ቀልድ ሰማችው፤ ግን አልረሳችውም።

ሁለቱ ሐረጎች የተጣሉት ልጃቸው ወደ ወላጆቿ ቤት ልትመለስ በቆረጠች ጊዜ ነው። በጓሮው በኩል አንድ ክፍል ይጨመር ተባለ። ልጅቷ ሜትር ይዛ መጥታ ግድግዳውን ለካችና የሚተርፈው ሦስት ሜትር ብቻ መሆኑን፣ እሱም ለአንድ ሐረግ እንጂ ለሁለት እንደማይበቃ ነገረቻቸው። ግንበኞቹ ከስድስት ወር በኋላ ይመጣሉ፤ እስከዚያ ተስማሙ ብላ ሜትሯን ጠቅልላ ሄደች። ወላጆቿን ስለምታውቅ ነው ስድስት ወር የሰጠቻቸው።

ክርክሩ ሦስት ሳምንት ፈጀ። መቀሱ አበባ ሆድ አይሞላም አለ። ሲስተር የእሱም ወይን እስካሁን ማንንም እንዳላጠገበ አስታወሰችው። ወይን ጥላ አለው አለ። ጥላው ቅጠሉ እስኪረግፍ ነው፤ ጃስሚኑ ግን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የጎረቤትን የውኃ ታንከር ይሸፍናል አለች። ፍሬ ቢይዝ እንኳ ወፍና ተርብ ሰብስቦ መሬቱን ያጨቀያል ብላ ጨመረች። እሱም ጃስሚንሽ መያዣ የሌለው ነገር ነው፣ ያገኘው ላይ ይጠመዘዛል፤ ወይን ግን ሽቦውን በገዛ ጣቱ ጨብጦ ነው የሚወጣው አለ። ጣት ያለው ሁሉ ይሠራል ያለህ ማን ነው አለችው። በዚህ ለሁለት ቀን ተኮራረፉ።

በመጨረሻ ተስማሙ፦ ግንበኞቹ ከመምጣታቸው በፊት ወይኑ አበባ ካሳየ ጃስሚኑ ይነቀላል፤ ካላሳየ ወይኑ። ሲስተር የተስማማችው ዘጠኝ ዓመት ያላሳየው አሁን ምን አግኝቶ ያሳያል ብላ ነው። መቀሱ ለምን እንደተስማማ አልገባትም።

መቀሱ እሑድ እሑድ ጠዋት ወይኑን ያስተካክላል። ጋዜጣ ሥሩ ያነጥፋል፣ ወንበር ላይ ይወጣል፣ ከሱቁ የተረፈችውን ምርጥ መቀስ በሱሪው ጠርዞ ይጀምራል። ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። ጫፉ የወጣ ቀንበጥ አይወድም። ከቅጠሉ ማዶ የሚወጡ ደቃቅ አረንጓዴ ፍሬ መሳይ ነገሮች ደግሞ አሉ፤ እነሱን “ጢሙ” ይላቸዋል፤ አንድም ሳያስቀር ይላጫቸዋል። ሲጨርስ በብሩሽ አንገቱን ያራግፍለታል። ወይኑ እንደ ሙሽራ አምሮ ሳምንቱን ይቆያል።

በሦስተኛው ወር የሰፈሩ ችግኝ ሻጭ ያዋሰቻቸውን ባልዲ ልታስመልስ መጣች። መቀሱ አልነበረም። ሴትዮዋ ወይኑን አየችና ቀረብ ብላ ደግሞ አየችው።

“እትዬ፣ ይህን ማነው እንዲህ የሚከረክመው?” አለች።

ሲስተር ባለቤቷ መሆኑን፣ በየሳምንቱም እንደሚያስተካክለው ነገረቻት።

“አበባውንም?”

ሻጯ መቀሱ ሳያየው የቀረ አንድ ጢም ከቅጠል ሥር ፈልጋ በጣቷ ይዛ አሳየቻት። እነዚያ ደቃቅ ነገሮች የወይኑ አበባ ናቸው፣ ቢተዉ ዘለላ ይሆናሉ፣ ሰውየው መቀሱን አንድ ሁለት ወር ቢያሳርፍ ሐረጉ ራሱ ያውቅበታል አለቻትና ባልዲዋን ይዛ ሄደች።

ሲስተር ይህን ለባሏ አልነገረችም።

በመጀመሪያው እሑድ ጠዋት ስለሆነ ነው፣ ሰው በጠዋት ክፉ ነገር አይነገረውም ብላ ራሷን አሳመነች። በሁለተኛው እሑድ ራስ ምታት ነበረባት። በሦስተኛው ምክንያት ስላጣች ወጥ ቤት ገብታ የታጠበ ሰሐን መልሳ አጠበች። በመስኮቱ ጢሙ ጋዜጣው ላይ ሲረግፍ ይታያታል። ዝም ብትል ጃስሚኗ ይተርፋል፤ መዋሸትም አያስፈልጋት፤ አፏን መዝጋት ብቻ ነው። ብትናገር ደግሞ ጃስሚኑን ማጣቷ ብቻ አይደለም፤ ሟቹ አማቷ ልክ ነበሩ ብሎ ለባሏ መንገር ይሆንባታል። ለበሽተኛ ቤተሰብ ስንት መርዶ የነገረች ሴት ለአንድ ፀጉር አስተካካይ የምትለው ጠፋት።

በአራተኛው እሑድ ሻይ ይዛለት ወጣች። እሱ ጨርሶ የወይኑን አንገት እያራገፈ ነበር። ወደ እሷ ሳይዞር፣ ግንበኞቹን ምን አስጠበቀን፣ ወይኑ ነገ ይነቀል አለ።

“አባቴ አውቀውታል” አለ ቀጥሎ። ድምፁ የከፋው ሰው ድምፅ አልነበረም። ሰዓት የሚናገር ነው የሚመስለው። አንጀቷን የበላው ይኼ ነው።

“የምትቆርጠው ጢም አይደለም” አለችው። “አበባው ነው።”

መቀሱ ከወንበሩ ወረደ። ከጋዜጣው ላይ አንዷን አንስቶ፣ መነጽሩን አድርጎ አያት።

“ማን ነገረሽ?”

“ችግኝ ሻጯ።”

“መቼ?”

“ሦስት እሑድ አልፎታል።”

ይጮኽብኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን በጣቱ ያሰላ ነበር። “አንቺ ሦስት እሑድ” አለ በመጨረሻ፤ “እኔ ዘጠኝ ዓመት።” ቀጥሎም አባቱ ያሉት እውነት መሆኑን፣ እጁ መቁረጥ ብቻ እንደሚያውቅ ተናገረ።

“ማብቀሉንማ በየሳምንቱ አብቅለሃል” አለች ሲስተር። “ባይበቅል ምኑን ትቆርጠው ነበር?”

መቀሱ ሻዩን ቁጭ ብሎ ጠጣ፤ ስኳር መርሳቷን እንኳ አላነሣባትም።

መቀስ ሳይነካው በሰነበተ በሰባተኛው ሳምንት ወይኑ ውል ፈጸመ፤ በአምስት ቦታ አበበ። መቀሱ ውሉ ቢቀርስ አለ፤ እሷ አይቀርም አለች። ልጃቸው ጃስሚኑ በጣሳ ይተከል ብላ ነበር፤ ሲስተር ግን በጣሳ ያለ ጃስሚን ኮሪደር ላይ የተኛ በሽተኛ ነው ብላ እንቢ አለች። ሌላ ሰው እንዲነካውም አልፈለገችም፤ ግንበኞቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ራሷ ነቀለችው። ሽታው ከመኝታ ቤቱ መጋረጃ ላይ አንድ ሳምንት ቆየ። ስምንተኛው ቀን ጠዋት ነቅታ ሽታውን አጣችው፤ ትንሽ ጋደም ብላ ቆየች፤ ከዚያ ተነሣች።

በዚያ እሑድ መቀሱ ጓሮ ወጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ጨብጦ ይዟቸዋል። ወይኑ ከሽቦው አልፎ፣ ተጎሳቁሎ፣ ግራው ከቀኙ ረዝሞ ወደ ጣሪያው ይሄዳል። ጢሙ በየቦታው ተንጠልጥሏል። ሲስተር ሌላ ወንበር አምጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። 

“ሲስተር” አለ፤ “ያቺ ቀንበጥ፣ በጆሮው በኩል የወጣችው።”

“እህ?”

“እሷን ብቻ።”

“አይሆንም” አለችው።

“እሺ” አለ፤ ወንበሩንም ከወይኑ መልሶ ወደ ጎረቤቱ የውኃ ታንከር አዞረው።