ጽዋውን የሚጠጣ ሰው ፍለጋ

«እኔ ከእትዬ ደብሬ ጋር ከአንድ ጽዋ አልጠጣም! ከፈለግህ አንተ ጠጣ፤ ካልፈለግህ ግድግዳውን አጠጣው!»

እህቴ ሰናይት ይህን ያለችኝ የዳቦውን መሶብ እንደታቀፈች ጓዳው በር ላይ ቆማ ነው። ዛሬ የማርያም ማኅበር ተራው የእኔ ነው። ጠላው ደርሷል፣ ደፎው ወጥቷል፣ ከሰዓት በኋላ ማኅበርተኛው ይመጣል። የጠቡ መነሻ የቧንቧ ወረፋ ነው። የአጥር ጎረቤታችን እትዬ ደብሬ ትናንት የሰናይትን ጀሪካን በእግራቸው ገፋ አድርገው የራሳቸውን አስቀደሙ። እሷ ተናገረች። እሳቸውም የሞተችውን እናታችንን አንስተው የማይባል ነገር ተናገሩ።

«አብሮ 'አቡነ ዘበሰማያት' ማለት፣ ከዚያ ወጥቶ በጀሪካን መራገጥ! ይሄ ምን ማኅበር ነው? እኔና ጓደኞቼ የራሳችንን እንጀምራለን። ሐሜት የሌለበት፣ ሸር የሌለበት፣ ንጹሕ ሰው ብቻ የሚገባበት።»

«ንጹሕ ሰው ብቻ?»

«አዎ። ምን ያስቅሃል?»

ያሳቀኝ መደቡ ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠው ጽዋ ነበር። የሸክላ ጽዋ ነው፤ አፉ ላይ በአንድ በኩል ሸረፍ ብሏል። ሰናይት ሽርፋቱን ከልጅነቷ ጀምሮ ታየዋለች፤ ከየት እንደመጣ ግን ጠይቃኝ አታውቅም።

«ቁጭ በይ» አልኳት።

«ደግሞ በሠላሳ ዓመትህ እንደ ሽማግሌ ልታወራኝ ነው፣ ጋሼ?» አለች። ግን ተቀመጠች።

በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ሥራዬ ጫማ መጠበቅ ነበር። ጎብኚውም ተሳላሚውም ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን ደጃፍ ላይ ያወልቃል፤ እኔ እጠብቃለሁ። ፀሐይ ከድንጋዩ ጫፍ ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ተፈለፈለበት ጉድጓድ ግድግዳ ስትወርድ እያየሁ፣ እስክሪብቶ ካገኘሁ ክንዴ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ስለዚህ ያረመኝም የለም። የምጽፈው ሁሉ ስለሚመጣው ዓለም ነበር። እኛ ሰፈር ያደገ ልጅ እንዲህ ቢሆን አይፈረድበትም። ኢየሩሳሌምን ከዓለት ፈልፍለው ባወረሱን ሰዎች አገር፣ ዮርዳኖስ የሚባለው ወንዛችን ክረምት ካልሆነ ጠብታ የለውም፤ ደብረ ዘይት በምንለው ቦታ ፍየል ይግጣል። ስሙ የሰማይ፣ ጓሮው የምድር ነው። በሁለቱ መካከል የተወለደ ሰው ልቡ አያርፍም።

ያን ጊዜ አራት ጓደኛሞች ነበርን። ድንጋይ የሚጠርበው ሰጠኝ፣ አትክልት የምትሸጠው ፋሲካ፣ ድቁና የሚማረው ንጉሤ፣ እና እኔ። የአባቶቻችንን ማኅበር ታዝበን ነበር። ጠበሉን ቀምሰው ሲወጡ በድንበር የሚካሰሱ፣ ዳቦው ሳሳ ብለው ባለተራዋን የሚያሙ። «እኛ እንከን የሌለበት እንመሥርት» ተባባልን። ሕግም አወጣን። በወሩ ውስጥ ማንንም የበደለ፣ ከማንም የተጣላ ሰው፣ በጉባኤው መካከል ቆሞ በደሉን ይናገራል፤ በዚያ ወር ከጽዋው አይቀምስም። ሕጉ ሲወጣ እንዴት እንዳማረ! ንጉሤ ተነሥቶ አሜን አለ። እኔ ደግሞ መንግሥተ ሰማያት ከእኛ ሰፈር ልትጀምር ነው ብዬ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄደ። ቆይቶ ግን እርስ በርስ መጠባበቅ ያዝን። ፋሲካ ከገበያተኛ ጋር ስትከራከር ንጉሤ አጠገቧ ቆሞ ያዳምጣል። ንጉሤ ሲያዛጋ በጸሎት ሰዓት ነው አይደለም እያልን እንነጋገራለን። እንዲህ ሆነን ጥቅምት ደረሰ፤ ገብሱ ነጥቶ አጨዳ የሚጠብቅበት፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጆሮ የሚቆነጥጥበት ጊዜ። ተራው የሰጠኝ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ክንዴ ላይ የጻፍኩትን ግጥም አነበብኩለት።

እዚያ ምሽት የለም፣ እዚያ ክረምት የለም፣
እንባ በዚያ አገር በሕልምም አይታለም።

ሰጠኝ መሮውን አስቀምጦ ሰማኝና «ክረምት ከሌለ ገብሱ በምን ይበቅላል?» አለ።

«ገብስ አያስፈልግም።»

«እሺ፣ ሰውስ አለ? ይሄ የለም፣ ያ የለም ትላለህ እንጂ አንድም ሰው አላስገባህበትም እኮ። እኔ የት ነኝ? እናትህ የት አለች? ባዶ ቤት ጠርገህ ነው የምታሳየኝ።»

ግጥም ለሚጽፍ ልጅ ይህ ከጥፊ ይብሳል። «አንተ ከድንጋይ ጋር ስትውል ድንጋይ ሆነሃል» አልኩት። ሌላም ጨመርኩ። እሱም መለሰ። አብረን ጡት የጠባን ያህል የምንቀራረብ ልጆች ዐይን ለዐይን መተያየት ተውን።

የማኅበሩ ቀን ሰጠኝ ቤት ተሰበሰብን። መምሬ መጥተው ጸሎቱን አድርሰው፣ ጽዋውን ባርከው፣ ሌላ ቤት ፍትሐት ስላለባቸው ቶሎ ወጡ። ከዚያ ሕጋችን ጀመረ። ፋሲካ ቆመች፤ የተበላሸ ቲማቲም ከታች አድርጋ ሸጣለች። ንጉሤ ቆመ፤ የቅኔ መምህሩን አነጋገር እያስመሰለ ጓደኞቹን አስቋል። እኔ ቆሜ ሰጠኝን መስደቤን ተናገርኩ። ሰጠኝ በመጨረሻ ቆመና «ግጥሙን ንቄአለሁ» አለ። «አሁንም እንቀዋለሁ» ሲልም ጨመረ።

ተያየን። ጽዋው እንደ ሞላ መሐል ተቀምጧል፤ የሚጠጣው ሰው የለም።

«እንድፋው?» አለች ፋሲካ።

ንጉሤ ደነገጠ። «የተባረከ ነው! ጠበል ይደፋል?»

«ታዲያ እስኪሻግት እናየዋለን?»

«ንጹሕ ሰው ፈልገን እናጠጣው» አለ ሰጠኝ። «ተራራው ላይ፣ አሸተን ማርያም ገዳም፣ መነኩሴው አባ ተክሌ አሉ።»

ዛሬ ሳስበው እስቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። ሙሉ ጽዋ በጨርቅ ሸፍነን ያን ዳገት ተያያዝነው። ጦስኙ በእግራችን ሲረገጥ ይሸታል፤ ከታች ከተማዋ እያነሰች ትሄዳለች። መንገድ ላይ ያገኘን ገበሬ «ለማን ነው ልጆች?» ሲለን ንጉሤ «ለሚገባው» ብሎ መለሰ፤ ሰውየው በረከቱ ይድረሰኝ ብሎ ተሳለመና አለፈ።

ጫፉ ሲቃረብ መንገዱ በዓለት መካከል ይሾልካል። እዚያ ጋ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ተሸካሚው እኔ ነበርኩ፤ ቀድሞኝ የወጣው ደግሞ ሰጠኝ። ጽዋውን ለእሱ ካላቀበልኩ መውጣት አልችልም። ወደ ላይ ዘረጋሁለት።

«ያዝ» አልኩ።

«ይዣለሁ፤ ልቀቅ» አለ።

አልለቀቅኩም። ይጥለዋል ብዬ ነው ወይስ እልህ ነው፣ አላውቅም። ሲስብ፣ ስይዝ፣ የጽዋው አፍ ከዓለቱ ተጋጭቶ ሸረፍ አለ፤ የጠላውም እኩሌታ ከሰጠኝ አንገት እስከ እምብርቱ ወረደ። ሸሚዙን አየ፤ እኔን አየ። «የተባረከ ነው እንግዲህ፣ አይታጠብም» አለ። ፋሲካ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። እኔ ግን ሳቄን ዋጥኩት፤ ገና አልታረቅንም።

አባ ተክሌ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን በቅቤ ያሹ ነበር። ንጉሤ ተንበርክኮ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳ። አባ ሰምተው ሲጨርሱ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። አለቀሱ ብለን ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«እኔን ነው ንጹሕ ያላችሁ? እኔ እኮ ከጎረቤቴ ከአባ ኃይሌ ጋር ከተኳረፍን ሰነባበትን። ዶሮአቸው ጎመኔን ጨረሰችው!»

ንጉሤ ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲያ ማን ሊጠጣው ነው፣ አባታችን?»

አባ ሳቃቸውን አቆሙ። «ጌታ በመጨረሻው ማታ ጽዋውን ሲያነሣ ከጎኑ እነማን ነበሩ? ሳይነጋ የሚክደው፣ ጥሎት የሚሸሸው። ያን እያወቀ ሰጣቸው። እናንተ ደግሞ ከእሱ የበለጠ ጥንቁቅ ሆናችሁ!» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የምትናፍቁት አገር አለ፣ ልጆቼ። ናፍቆታችሁን አትጣሉት። ግን በጸሎተ ሃይማኖት ተስፋ እናደርጋለን እንላለን እንጂ ደርሰናል አንልም። ይሄ ለመንገደኛ የሚሰጥ ነው» አሉን።

መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ቆዩኝ» ብለው ወደ አባ ኃይሌ ጎጆ ሄዱ፤ ገብተውም በሩን ዘጉ። መጀመሪያ ጩኸት ሰማን። «ዶሮዬን በድንጋይ!» ይላል አንዱ። ቀጥሎ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ሁለቱም ሽማግሌዎች ተያይዘው ወጡ፤ አባ ኃይሌ አንድ እንቁላል ይዘዋል።

አባ ተክሌ ጽዋውን ተቀብለው አፉን አዩ። ሽርፋቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አድርገው ቀመሱና ለአባ ኃይሌ ሰጡ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። ሰጠኝ ከመቅመሱ በፊት ወደ እኔ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ። «ግጥምህ ግን አሁንም ሰው የለውም» አለ።

«አንተን አስገባሃለሁ፤ ከነሸሚዝህ» አልኩት።

አስገባሁትም። ስንኙ ቤት ባይመታም እንዳለ ትቼዋለሁ። በዚያው ምሽት ሕጋችን ቀረ፤ ማኅበሩ ግን እስከ ዛሬ አለ። ፋሲካ አዲስ አበባ አግብታለች፣ ንጉሤ ቄስ ሆኗል፣ ሰጠኝ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃችን ነው። ብዙ ሰው ገብቶበታል። ሐሜተኛው፣ ቁጡው፣ ጀሪካን የሚገፋው። እኔ ያን አገር መናፈቄን አልተውኩም፤ አሁንም ሌሊት ያነቃኛል። ጽዋው በእጄ ሲደርስ ግን ልቤ ትንሽ ያርፋል፤ ከላይ የሚመጣውን ከሩቅ የቀመስኩ ይመስለኛል።

ሰናይት ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ሽርፋቱን አየችው።

«እትዬ ደብሬን ሊጠጡ ይገባዎታል ብዬ ልለምናቸው ነው እንዴ?» አለች።

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«አንተ ምንም ሳትል ነው ሰው የምታደክመው!»

ተነሣች። ከመሶቡ የደፎውን ጥግ ቆርሳ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለች፤ ሳይባረክ አይቆረስም ልላት ነበር፣ ተውኩት። ወጣች። ወደ መንገዱ ትወርዳለች ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። እግሯ ግን ወደ ላይ፣ በአጥሩ በኩል ዞረ። የእትዬ ደብሬ የቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ሰማሁ። «ማነሽ?» አሉ በቁጣ። መልሷ አልተሰማኝም። በሩ ተከፈተ፤ ቆየት ብሎም፣ ሁለቱንም ውስጥ አድርጎ፣ ተዘጋ።