የብረት ቅርጫ

ሚስቴ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢያችንን ስታይ «ሴቶች ያማሉ ትላላችሁ፤ እናንተ ብረት ታማላችሁ» ትላለች። እውነቷን ነው። ሦስት ሰዎች ሦስት ሞተር አቁመን፣ አንዱን ከሌላው እያወዳደርን፣ የማታ ፀሐይ የዞብልን ተራራ እስክታቀላ እንቀመጣለን።

እኔ የከብት ሐኪም ነኝ፤ ዲፕሎማ ብቻ ነው ያለኝ ብልም ሰዉ «ዶክተር» ይለኛል። አንዱ ጓደኛዬ ከላስታ ወርዶ ቆቦ የቀረ የፊዚክስ መምህር ነው። ሌላው ሐጂ ናቸው፤ ሽንኩርትና ማሽላ ይነግዳሉ፣ በሮቢት መንገድ እርሻ አላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «ስልሳን ካለፍኩ ወዲያ መቁጠር ትቻለሁ» ይላሉ። ሦስታችንም ጋራዥ አንወድም። ጋራዥ የከረመ ሞተር፣ እንደ ሐጂ አባባል፣ ዘመድ ቤት እንደከረመች ዶሮ ነው፤ ቢመለስም ላባው ይጎድላል። ስለዚህ እሑድ እሑድ፣ ሐጂ የአስርን ሶላት ሰግደው ሲመጡ፣ እኛ ግቢ ከኒም ዛፏ ጥላ ሥር ሆነን እንፈታለን፣ እንጠርጋለን፣ መልሰን እናጠብቃለን።

የሐጂ ሞተር የጃፓን ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ትዳር ትበልጣለች። በእግር ተረግጣ ነው የምትነሳው። የመምህሩ የህንድ ናት፤ ቁልፍ ተጭኖ በጣቱ ያስነሳታል፤ በዚህም ሲኮራ አይጣል ነው። የእኔዋ የቻይና ናት፤ ስለ እሷ ብዙ ባልናገር ይሻላል።

«ዶክተር፣ ያንተዋ ገና ዋጃ ሳለች ነው እዚህ የምትሰማ» ይሉኛል ሐጂ። «ጥሩምባ አያስፈልጋትም።»

መምህሩ ያግዘኛል። «የአንቱዋ ደግሞ በረመዳንም በቀን ዘይት ትጠጣለች።»

«እሷማ መንገደኛ ናት፤ ይፈቀድላታል» ብለው ይስቃሉ። ቀጥሎ ወደ መምህሩ ይዞራሉ። «በጣት የሚነሳ ሞተር የሰነፍ ነው። እኔ ወላሂ እግሬ ያላስነሳትን ሞተር አልቀመጥባትም።» ይህችን ነገር ስንት ጊዜ እንዳሏት አላውቅም። ያኔ የቀልድ ነገር ነበረች።

የመፍቻውን ሳጥን የገዛነው አንድ የገበያ ቀን፣ ከአንድ የከባድ መኪና ሾፌር ላይ፣ ሦስታችን አዋጥተን ነው። ከስምንት ቁጥር እስከ ሃያ አራት መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ሁሉም የተሟላ። ማን ቤት ይቀመጥ በሚለው ላይ ትንሽ ተከራከርን። ያኔ ነው ሐጂ «ለምን አንቃረጠውም?» ያሉት።

ሐጂ በሰፈራቸው የቅርጫ ሥጋ በመመደብ የተመሰገኑ ናቸው፤ እሳቸው በመደቡት ያጉረመረመ የለም ይባላል። እኔና መምህሩ ግን እሳቸው የመደቡትን አግኝተን አናውቅም፤ የክርስቲያን ሥጋ ለብቻ፣ የሙስሊም ሥጋ ለብቻ ነውና በየበዓሉ እንለያያለን። «ብረት ቢስሚላህም በስመ አብም አይፈልግም» አሉ። ሐሳቡ ሦስታችንንም ደስ አሰኘን። እኔን እንዲያውም ከልቤ ደስ አለኝ፤ ከእኚህ ሰው ጋር አንድ ነገር መቃረጥ ሳልመኝ አልቀረሁም።

ሸራ ተዘረጋ። በቅርጫ ሕግ እያንዳንዱ መደብ ከሁሉም ብልት ሊደርሰው ይገባል፤ አንዱ ታላቁን ሥጋ ሌላው ጨጓራውን ይዞ አይሄድም። ሐጂም በዚያው ሕግ መደቡ። አንዱን መፍቻ እዚህ፣ ተከታዩን እዚያ፤ የካንዴላ መፍቻውን ቱቦ ለአንዱ፣ ማዞሪያ ዘንጉን ለሌላው። ዕጣ ስጡ ተባለ። መምህሩ የጠመኔ ስባሪ፣ እኔ የመርፌ ክዳን፣ ሐጂ የማሽላ ፍሬ ሰጠን። የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይጣለው ተብሎ ሚስቴ ከልብስ አጠባዋ ተጠራች። «ብረትም ይቃረጥ ጀመር?» አለችና በእርጥብ እጇ በየመደቡ ላይ ጣለችልን። ተመራረቅን። አንድ የፊዚክስ መምህር፣ አንድ ሐኪምና አንድ ሐጂ ተሰብስበን፣ ምን እንዳደረግን አንዳችንም አልገባንም።

የገባን መምህሩ ዋጃ ላይ ጎማ የፈነዳበት ቀን ነው። የኋላ ጎማ ለማውጣት አሥራ ሰባትና አሥራ ዘጠኝ ቁጥር አብረው ያስፈልጋሉ። አሥራ ሰባቱ እሱ ዘንድ ነው፤ አሥራ ዘጠኙ የደረሰው ለሐጂ ነው፤ ጎማውን ከቸርኬው የሚያላቅቀው ብረት ደግሞ እኔ ዘንድ ነው። እኔና ሐጂ በዚያ ሐሩር አንዳንድ ብረት ይዘን፣ በሁለት ሞተር፣ አስፋልቱን ይዘን ዋጃ ወረድን። መምህሩ አንድ ሻይ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጦ ጠበቀን። ሐጂ ሥራውን ከመጀመራችን በፊት እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ቁጡ ነኝ፤ ነገር ያለ ምክንያት ሲጠማዘዝ ደሜ ይፈላል። «አሁኑኑ አንድ ሳጥን ውስጥ መልሰን እንክተተው» አልኩ።

«ቅርጫ ወደ በሬነት ይመለሳል እንዴ?» አሉኝ ሐጂ።

በንዴት ወልድያ ስሄድ ለራሴ ሙሉ ሳጥን ገዛሁና አልጋ ሥር ደበቅሁት። ያወቀችው ሚስቴ ብቻ ናት። አንድ ማለዳ፣ ማንም ሳይኖር፣ በአዲሱ መፍቻ የሞተሬን ዘይት ለወጥሁ። እጄ ከባድ ነው፤ በሬ ጥሎ ማሰር የለመደ እጅ ነው። እሑድ እሑድ ብሎን ሳጠብቅ ሐጂ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው «ይበቃል፣ ዶክተር፤ ብረትም ያመዋል» ይሉኛል፤ እኔም አቆማለሁ። ያን ማለዳ ይበቃል የሚል አልነበረም። ብሎኑ እጄ ላይ ተላጠ፤ ዘይቱ መሬት ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄው ነው። እሑድ ሲመጡ በምን እንደፈታሁት ጠየቁኝ፤ ሳጥኑን እንዳላወጣ «በፒንሳ» አልኩ። ብሎንን በፒንሳ መፍታት ምን ያህል ነውር እንደሆነ ሐጂ እስኪመሽ አስረዱኝ። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ሳጥኑን ከዚያ ወዲህ አልከፈትሁትም።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ሐጂ ከእርሻቸው ሲመለሱ ደረቅ ወንዝ ሲሻገሩ አሸዋው ሞተሯን ዋጠባቸውና ወደቁ። ጉልበታቸው ተጎዳ። ወጌሻ ሁለት ወር አሸላቸው። ልጆቻቸው ሞተሯ ትሸጥ አሉ፤ እሳቸው እንቢ አሉ። «እግሬ እስካስነሳት ድረስ የእኔ ናት።»

ሊሞክሯት በሚመጡበት እሑድ እኔና መምህሩ ከጧት ጀምረን አዘጋጀናት። እሱ ካርቦሬተሯን ሦስት ጊዜ ፈትቶ አጠበ፤ እኔ አዲስ ካንዴላ አስገባሁላት። ማስነሻዋን በእጄ ብጫነው እንኳ ተነሳች። እኚህ ሰው ሞተራቸውን ካጡ ከእኛም ሊጠፉ እንደሚችሉ ሁለታችንም እያሰብን ነበር።

ሐጂ መጡ፣ ወጡባት፣ ረገጡ። ጉልበታቸው መሐል ላይ ታጠፈ። ደግመው ረገጡ። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ነቃ ብላ ጠፋች።

«እኔ ላስነሳልዎት» አለ መምህሩ።

«ማሽላ መሐል ስትጠፋብኝስ ተማሪዎችህን ትተህ ትመጣለህ?» አሉት፤ ቁጣ አልነበረበትም። ከዚያ ወርደው መቀመጫዋን መታ መታ አደረጉ። «እሷ አልሰነፈችም። እኔ ነኝ።» ዞር ብዬ የማያስፈልግ ብሎን ማጥበቅ ጀመርኩ።

ሞተሯን የዋጃ ገበሬ ገዛት። በቀጣዩ እሑድ ሐጂ በእግራቸው መጡ፤ በአሮጌ ሽርጥ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ኒሟ ሥር አስቀምጠው ፈቱት፤ ድርሻቸው ነው፤ እያንዳንዱ ብረት በናፍጣ ታጥቦ ተወልውሏል።

«ሞተር ለሌለው ሰው መፍቻ ምን ያደርግለታል? ለሁለት ተካፈሉት» አሉ።

ስንት ዓመት እነዚያ ብረቶች አንድ ቦታ ይሰብሰቡ እያልኩ የጨቀጨቅሁት እኔ ነኝ። አሁን መጡልኝ፤ እኔም ተቆጣሁ። «ሐጂ፣ የደረሰውን መደብ ተሸክሞ የሚመልስ ሰው አይተው ያውቃሉ? እኛን ምን አድርጉ ነው የሚሉን? ይውሰዱልኝ፤ የአንቱ ነው።» ድምፄ ከልክ ያለፈ ነበር። መምህሩ በክርኑ ጎሰመኝ። ሐጂ ሽርጡን መልሰው ጠቀለሉ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ።

ሁለት እሑድ አልመጡም። ሱቃቸው ሄደን ስንጠይቃቸው «አብሽሩ፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ገባኝ። ሐጂ ሰው ግቢ ተቀምጠው ሌላው ሲሠራ የሚያዩ ሰው አይደሉም፤ ሥራ ከሌላቸው አይመጡም።

በሦስተኛው እሑድ የእኔ ሞተር ሰንሰለት ረገበ። እውነት ነው፤ ዞብል ሥር ግመል ላክም ሄጄ ድንጋይ ለድንጋይ ነድቼ ነው። ሰንሰለት ለመወጠር የኋላው ጎማ ዳዶ ይላላል፣ ለእሱ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ያስፈልጋል። ሐጂ ጋ ልደውል ስልኬን አወጣሁ።

«አልጋ ሥር ያለውስ?» አለች ሚስቴ።

«አልጋ ሥር ምን አለ?» አልኳት።

አየችኝና ወደ ቤት ገባች። ሐጂ በባጃጅ፣ ጥቅሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲደርሱ፣ የአልጋው ልብስ እስከ መሬት ወርዶ ተዘርግቶ በክፍቱ በር ይታየኛል።

«ሦስት ሳምንት ያለ እኔ አንድ ብሎን አልፈታችሁም?» አሉ።

«አልፈታንም» አለ መምህሩ፤ እሱ እንኳ እውነቱን ነው።

ሐጂ ቁጢጥ ማለት ስላልቻሉ መምህሩ ባሊ ደፍቶ አስቀመጣቸው። አሥራ ዘጠኙን ሰጡኝ። እኔ አላላሁ፣ መምህሩ በአሥራ ሰባቱ ከወዲያ ያዘ፣ ሰንሰለቱን ወጠርን፣ ዳዶውን መልሼ ማጥበቅ ጀመርኩ። ልኩ ላይ እንደደረሰ እጄ ነገረኝ፤ ከዚያች ከተላጠችው ብሎን ወዲህ እጄ ተምሯል። ግን መፍቻውን አልለቀቅሁም። ጭብጤን አጥብቄ፣ ቀስ አድርጌ፣ እየጠበቅሁ ቆየሁ።

«ይበቃል፣ ዶክተር» አሉ ሐጂ።

አቆምኩ።